ጎብዬና አብሽር

የምኖርባት የራያ ከተማ ጎብዬ ላይ ማታ መብራት ካለ ኔትወርክ የለም፤ ኔትወርክ ካለ መብራት የለም፤ ሁለቱ ተጠራርተው የመጡ ዕለት ደግሞ ቤት ውስጥ እንግዳ አለ። ይህን ሕግ የደረስኩበት ተመራምሬ አይደለም፤ አዲስ አበባ ከሚኖር የልጅነት ጓደኛዬ ጋር በኮምፒዩተር አብሬ ልጫወት ብዬ ነው።

የሁለታችንን ኑሮ ላስረዳ። እኔ አስተማሪ ነኝ። ቀን ጠመኔ ሳቦን እውልና ማታ ከደብተር ቁልል ጋር እፋጠጣለሁ። እሱ ባንክ ውስጥ ነው፤ ቀን የሰው ብር ይቆጥራል፣ ሲመሽ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሰው ጀርባ ይቆጥራል። ቤቱ ሲደርስ ሁለት ልጆች እግሩ ላይ ይጠመጠማሉ። እነሱ እስኪተኙ ድረስ እኔ ዘንድ እራት አለ፣ ቡና አለ፣ ቡናውን ተከትሎ የሚመጣ ጎረቤት አለ። ከእሱ ምሽትና ከእኔ ምሽት ተቀናንሳ የምትተርፍ አንዲት ቁራጭ ጊዜ አለች፤ ከሦስት ሰዓት በኋላ፣ እንቅልፍ ሳይረታን። በዚያች ቁራጭ እንደዋወል ነበር። «ሰላም ነው? ቤተሰብ ደህና? ዝናቡ እንዴት ነው? ኑሮ እንዴት ይዞሃል?» ከዚያ ዝም። ወንድ ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጦ ሆዱን መዘርገፍ አይሆንለትም፤ እጁ አንድ ነገር ካልያዘ አፉ አይፈታም። ስለዚህ እጃችን የሚይዘው ነገር ፍለጋ ወጣን።

ድሮ ይህ ችግር አልነበረም፤ ጆተኒ ነበረች። ሁለት ለሁለት እንገጥማለን። እሱ በረኛውንና ተከላካዩን ይዞ ከኋላ፣ እኔ አማካዩንና አጥቂውን ይዤ ከፊት። ማሽከርከር ክልክል ነው፤ የተሸነፈ ይከፍላል። ገንዘብ ስላልነበረን መሸነፍ አንችልም ነበር። ጎል ሲገባብን ጥፋቱ የማን እንደሆነ እስከ ቤታችን ድረስ እየተጨቃጨቅን እንሄዳለን፤ ወዳጅነታችን የቆመው በዚያ ጭቅጭቅ ላይ ነው። እንግዲህ ስንፈልግ የከረምነው ይህንኑ ነው፦ በአንድ ወገን ሆነን ሌላውን የምንገጥምበት፣ ጥፋቱን ግን እርስ በርስ የምንላከክበት ጨዋታ።

መሸናነፊያውማ ሞልቷል። ቼዝ በነጻ አለ፣ ዳማ አለ፣ ሉዶ አለ። ቼዝ ሞክረን ነበር። ያሸንፈኛል፤ ካሸነፈኝ በኋላ ደግሞ የት ላይ እንደሳትኩ ያስረዳኛል። ቀኑን ሙሉ የሰው ልጅ ደብተር ሳርም የዋልኩ ሰው ማታ ተራዬን መታረም አልፈልግም።

ተማሪዎቼን አማከርኩ። በዚህ ጉዳይ አስተማሪዎቹ እነሱ ናቸው። «ቲቸር፣ ፍሪ ፋየር ያውርዱ፤ ፐብጂን ስልክዎ አይችለውም» አሉኝ፤ ስልኬን አንድ ጊዜ ብቻ አይተው። ሃምሳ ሰው ደሴት ላይ በፓራሹት ይወርዳል፣ እርስ በርሱ ይተላለቃል፣ መጨረሻ የተረፈ ያሸንፋል። ሁለት ሆኖ መግባት ይቻላል፤ አንዱ ግጥሚያ 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ለጊዜ ድሃ ከዚህ በላይ ምን ይገኛል? ችግሩ ኔትወርኩ ነው። የተኮሰብኝን ሰው ሳላየው እሞታለሁ፤ መሞቴንም የምሰማው ዘግይቼ ነው። ጓደኛዬ በስልክ «ኧረ አንተ ሞተሃል!» ሲለኝ እኔ ገና እየሮጥኩ ነኝ። ደግሞም የተኩስ ድምፅ አለው። በ2013 እና በ2014 ጦርነቱ በራያ ቆቦ ምድር ከተመላለሰ ወዲህ እኛ ቤት ማታ የተኩስ ድምፅ ከስልክ ቢመጣም አይወደድም። እናቴ «አጥፋልኝ» አለች፤ አጠፋሁ። ለምን ብዬ አልጠየቅኩም።

ሌሎቹ የስልክ ጨዋታዎች ደግሞ ፊርማ አላቸው። በየቀኑ ገብተህ ካልታየህ የዕለቱን ስጦታ ታጣለህ፤ ሳምንት ሳታቋርጥ ከፈረምክ ሣጥን ይከፈትልሃል፤ አንድ ቀን ከቀረህ ቆጠራው ከዜሮ ይጀምራል። እኔ ትምህርት ቤት በብዕር ፈርሜ እገባለሁ፣ እሱ ባንክ በጣት አሻራ ይገባል። ማታ ሌላ መሥሪያ ቤት ምን ያደርግልናል? የቀረ ሰው የሚቀጣበት ነገር ሥራ ነው እንጂ ጨዋታ አይደለም፤ ሥራ ከሆነ ደግሞ ደመወዙን ያምጣ።

ጓደኛዬ አንድ ቀን ከቢሮው ወሬ ይዞ መጣ፤ ሁለት ሰው ካልሆነ ጭራሽ የማይከፈት ጨዋታ አለ አለኝ። ኢት ቴክስ ቱ ይባላል። ያሠራው ቤይሩት ተወልዶ ስዊድን ያደገው የፊልም ዳይሬክተር ጆሴፍ ፋሬስ ነው፤ በ2021 እ.ኤ.አ. ወጥቶ በዚያው ዓመት በጌም አዋርድስ የዓመቱ ምርጥ ተብሏል። ታሪኩ ሊፋቱ የተሰናዱ ባልና ሚስት ናቸው። የልጃቸው እንባ ሁለቱንም ትንንሽ አሻንጉሊት ያደርጋቸዋል፤ ወደ ሰውነታቸው ለመመለስ አንዱ ያለ ሌላው አንድ በር እንኳ ማለፍ አይችሉም። ዶክተር ሃኪም የሚባል የሚናገር መጽሐፍ በየመንገዱ እየተደቀነ ያስታርቃቸዋል። የወሎ አበጋር ያንን መጽሐፍ ቢያይ ይታዘበው ነበር፤ አበጋር የደም ባላንጣ ሲያስታርቅ እንኳ ወገቡን ይዞ አይጨፍርም።

ለእኛ ሁለት ወንዶች ባልና ሚስት መሆኑ ራሱ አንድ ጭቅጭቅ ነው፤ እሱን በዕጣ ፈታነው። የሚያስመሰግን ነገር ደግሞ አለው፦ አንዱ ከገዛ ሌላው በነጻ ይገባል። ይህን ያሰበ ሰው በእውነት ጓደኛ ያለው ሰው ነው። ክብደቱ ግን ወደ 50 ጊጋ ባይት ይደርሳል። በጎብዬ ዳታ 50 ጊጋ ማውረድ ደመወዝ ማውረድ ነው። ጓደኛዬ አዲስ አበባ ላይ በቢሮ ጓደኛው ዋይፋይ አወረደና በሃርድ ዲስክ ገልብጦ ወደ መቀሌ ከሚያልፍ ሹፌር ጋር ላከው። ሃርድ ዲስኩ በፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ፣ ከኢንተርኔቱ ፈጥኖ ደረሰ። ላፕቶፔ ጨዋታውን ሲከፍት ግን እህል እንደበዛበት ወፍጮ አጓርቶ ጠፋ። ጥሩ ላፕቶፕና ጥሩ መስመር ያላችሁ ሁለት ጓደኛሞች ከሆናችሁ ከዚህ ጀምሩ፤ በአሥራ ምናምን ሰዓት የሚያልቅ ስለሆነ በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት ስትሉ ዳር ትደርሳላችሁ። ላፕቶፓችሁ እንደኔው አንጋፋ ከሆነ ደግሞ በ2011 እ.ኤ.አ. የወጣውን ፖርታል 2 ፈልጉ፤ ሁለት ሮቦቶች ግድግዳ ላይ ቀዳዳ እየከፈቱ የሚወጡበት እንቆቅልሽ ነው፤ ዕድሜው ስለገፋ ከሽማግሌ ማሽን ጋር ይግባባል።

እኛ ገና ካልሸመገለው ጨዋታ ጋር ሳንግባባ የ2015 ክረምት መጣ። በክልላችን ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት ቀረ። የቀረችን ተራ የስልክ ጥሪ ናት፤ እሷም ስትፈልግ። ከጨዋታዎቹ ሁሉ የሚበልጠውን ያገኘነው በዚህ ጊዜ ነው።

ካናዳውያን በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጡት ኪፕ ቶኪንግ ኤንድ ኖባዲ ኤክስፕሎድስ የሚባል ነገር አለ። ከሁለቱ ተጫዋቾች ጨዋታው የሚያስፈልገው ለአንዱ ብቻ ነው። እሱ ስክሪኑ ላይ ፈንጂ ያያል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፤ አብዛኛውን ጊዜ 5 ደቂቃ ነው። ሌላው ፈንጂውን አያይም፤ እጁ ላይ ያለው የማክሸፊያው መመሪያ ነው፤ 23 ገጽ፣ በነጻ የሚታተም ወረቀት። አንዱ ያየውን ይናገራል፣ ሌላው ከወረቀቱ ፈልጎ ይመልሳል። መካከላቸው ድምፅ ካለ በቂ ነው። ኢንተርኔት አያስፈልገውም፤ መብራት እንኳ ለአንደኛው ብቻ ነው የሚያስፈልገው። ጎብዬን አይቶ የሠራው ሰው ያለ ይመስላል። ጓደኛዬ መመሪያውን አትሞ በዚያው በሹፌር መንገድ ላከልኝ።

ወረቀቱ የተጻፈው ሆን ተብሎ ሰው እንዲያምታታ ነው። አራት ሽቦ ካለ፣ ቀዩ ከአንድ በላይ ከሆነና የፈንጂው ቁጥር መጨረሻው ጎዶሎ ከሆነ የመጨረሻውን ቀይ ቁረጥ፤ ካልሆነ ወደሚቀጥለው መስመር ሂድ። ሌላ ገጽ ላይ ስም የሌላቸው ምልክቶች አሉ፤ እነሱን ለማያይህ ሰው በቃል ማስረዳት ነው ፈተናው። ፈረንጆቹ እዚህ ላይ ሲንተባተቡ ያልቃሉ ይባላል። እኛ ግን ቁጥሩ ከሁለት መቶ የሚያልፍ ፊደል ቆጥረን ያደግን ሰዎች ነን። «የተገለበጠች ሐ!» ይለኛል። «እግር ያበቀለች ዐ! ጫማ ያደረገች በ!» ሦስቱንም ወዲያው አገኛቸዋለሁ። የኔታ በአለንጋ ያስቆጠሩን ነገር ለዚህ ቀን መሆኑን ማን ያውቅ ነበር?

አንድ ምሽት ቤት ውስጥ የስልኩ መስመር እንቢ ስላለኝ ወረቀቴን ይዤ አስፋልቱ ዳር ያለች ሻይ ቤት ተቀመጥኩ። መስመሩ ጥሩ ነበር፤ ጥሩነቱ ነው ጉዱ። «ስንት ሽቦ አለው?» አልኩት ጮክ ብዬ። «ሰዓቱ ስንት ቀረው? ቀዩን! የመጨረሻውን ቀይ ቁረጠው! ሳይፈነዳ ቶሎ በል!» ቀና ስል ሻይ ቤቱ ጸጥ ብሏል። አጠገቤ የነበሩት እናት ልጃቸውን በእጃቸው ይዘው ተነሥተዋል። ባለቤቱ ፎጣውን ትከሻው ላይ እያስተካከለ መጣና ዝቅ ባለ ድምፅ «መምህር፣ ምነው በደህና?» አለኝ። ጨዋታ መሆኑን ላስረዳ ወረቀቱን ዘረጋሁለት። ወረቀቱ ላይ ደግሞ የፈንጂ ሥዕል አለ።

ከዚያ ማታ ወዲህ ቋንቋ ቀየርን። ፈንጂው ወጥ ሆነ። ሽቦዎቹም ወደ ወጥ ቤት ገቡ፦ ቀዩ ቀይ ሽንኩርት፣ ነጩ ነጭ ሽንኩርት፣ ቢጫው እርድ፣ ጥቁሩ ጥቁር አዝሙድ። ለሰማያዊው ከወጥ ቤት መላ አጣንና በነበልባሉ ቀለም ቡታጋዝ አልነው። ከዚያ በኋላ ሻይ ቤቱ ውስጥ ያሻኝን ያህል እጮኻለሁ። «ስንት ቀይ ሽንኩርት አለህ? እሺ የመጨረሻዋን ክተፋት! ቡታጋዙን እንዳትነካው! ሁለት ደቂቃ ቀርቶሃል፣ ሊያርርብህ ነው!» ከወዲያ ማዶ «አረረ!» የሚል የሐዘን ድምፅ ይመጣል። ሻይ ቤቱ አሁን የሚያውቀኝ ሚስቱ ጥላው የሄደች ጓደኛውን በስልክ ወጥ ሥራ እንደሚያስተምር ደግ ሰው ነው። እናትዬዋ ራሳቸው አንድ ቀን «እሳቱን ይቀንስ በለው» ብለው መክረውኛል። የጓደኛዬ ሚስት ይህን ብትሰማ ግን ምን እንደምትል ለማወቅ አልቸኩልም።

ለጊዜ ድሃ ከዚህ የሚስማማ የለም ብዬ እፈርዳለሁ። አንድ ወጥ 5 ደቂቃ ነው፤ ሦስት ወጥ አሳርረህ ተኛ። ያቋረጥከው ነገር የለም፣ ነገ የሚጠብቅህ ፊርማ የለም። ደግሞም ያ በ«ሰላም ነው? ቤተሰብ?» ያልቅ የነበረ ጥሪ በወጡና በወጡ መካከል ሌላ ነገር ማውጣት ጀመረ፤ አባቱ መታመማቸውን የነገረኝ ሁለተኛው ወጥ ባረረበትና ሦስተኛው ባልተጣደበት መሀል ነው።

ኢንተርኔቱ ሲመለስ አብሮ ምኞት ተመለሰ። ይህን ጊዜ ያማረን ስታርዲው ቫሊ ነው። ኤሪክ ባሮን የተባለ አንድ አሜሪካዊ ሥዕሉንም፣ ሙዚቃውንም፣ ኮዱንም ብቻውን ከአራት ዓመት በላይ ደክሞበት በ2016 እ.ኤ.አ. ያወጣው የእርሻ ጨዋታ ነው፤ ከ40 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሽጧል። አብሮ መጫወት የተጨመረለት በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ክብደቱ ቀላል፣ ለላፕቶፔ ሸክም የማይሆን። ከሁሉም በላይ ቀኑ አጭር ነው፤ ጨዋታው ውስጥ አንድ ቀን ከንጋት እስከ ሌሊት 14 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ሁለት ቀን አርሰህ ደብተር ማረም ትችላለህ።

ዋጋው ለእያንዳንዳችን 14.99 ዶላር ነው። ብር በገበያ ይተመን ከተባለበት ከሐምሌ 2016 ወዲህ አስተማሪ የዶላርን ስም የሚጠራው ሲያማትብ ነው፤ ብሩ ቢኖርም በውጭ የሚሠራ ካርድ የለኝም። ሪያድ ያለውን የአክስቴን ልጅ ለመንኩት። እንደ ብዙ የራያ ልጅ የአፋርን በረሃ አቋርጦ፣ ከጅቡቲ ባሕር ተሻግሮ፣ በየመን አድርጎ የገባ ነው። መልሱ በድምፅ መጣ። «አንተ ልጅ፣ ጤና የለህም? እኔ እርሻ ጠልቼ አይደለም እንዴ በረሃ ያቋረጥኩት? አሁን በሪያል እርሻ ግዛልኝ ትለኛለህ?» ሳቀ፣ ከዚያ ከፈለ። ከከፈለ በኋላ ሌላ ድምፅ ላከ፦ «ድርሻዬን ግን ጻፉልኝ። እንደ እዚያኛው መሬት ስመለስ ተከፋፍላችሁ እንዳትጠብቁኝ።»

ለተጫዋቾቹ ስም ማውጣት ነበረብን። ከወልዲያ ወደ ቆቦ ስትወርድ ሮቢት ሳትደርስ የምታገኛት ከተማችን በማሽላ ተመራማሪዎች ዘንድ የታወቀች መሆኗን ብዙ ሰው አያውቅም። በ1990ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር አቀንጭራን የሚቋቋሙ ሁለት የማሽላ ዝርያዎች ለአገራችን ገበሬ ተለቀዋል፤ አንዱ ጎብዬ፣ ሌላው አብሽር ይባላሉ። ከጀርባቸው በ2009 እ.ኤ.አ. የዓለም የምግብ ሽልማትን ያገኙት የፐርዱ ዩኒቨርሲቲው ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ ሥራ አለ። አቀንጭራ አጉል አረም ነው፤ ዘሩ አፈር ውስጥ ለዓመታት ተኝቶ የማሽላ ሥር የሚልከውን ምልክት ይጠብቃል፤ ምልክቱ ሲደርሰው በቅሎ ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ጎብዬ ያንን ምልክት እምብዛም አይለቅም። ይህን ጠባይ ከከተማችን ኔትወርክ ሳይማር አልቀረም። እኔ ጎብዬ ሆንኩ፣ ጓደኛዬ አብሽር። ለወሎ ልጅ ከዚህ የተሻለ ስም ከየት ይመጣል?

ግን አንድ የመሬት ጥያቄ ተነሣ። ይህ ጨዋታ እርሻውን የሚያስቀምጠው በአንደኛው ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። መብራት ይሻላል ብለን አብሽር ጋ አደረግነው። እሱ ካልከፈተ እኔ ማሳዬን ማየት አልችልም። ትልቁ ቤት የእሱ ነው፤ እኔ ዳር ላይ የተቀለሰች ጎጆ ተሰጥታኛለች። ጨዋታው ራሱ የሚጠራኝ የእርሻ ሠራተኛ እያለ ነው። ባለርስቱ አዲስ አበባ ተቀምጦ፣ እኔ ራያ ላይ ሳጠጣ ሳርም። በየካቲት 1967 መሬት ላራሹ ተብሎ የታወጀው ለማን ነበር? ይህን ስነግረው «አብሽር» አለኝ፤ ስሙን ይሁን ምክሩን አላወቅኩም።

አንድ ቅዳሜ አጎቴ ቡና ሊጠጡ መጥተው ከኋላዬ ቆሙ። ማሽላና ሽንኩርት ሲያመርቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው፤ ከተራራ የሚወርደውን ጎርፍ ጠልፎ ማሳ ላይ ማዋል ከሚችሉት አንዱ ናቸው።

«ምንድን ነው እሱ?» አሉኝ።

«እርሻ ነው አጎቴ።»

«በሬው የታለ?»

«በሬ የለውም፤ በመቆፈሪያ ነው።»

«ድሃ ነዋ።» ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ምን ዘራ?»

ነጭ ካሮት ዓይነት ነገር ነው አልኳቸው። በስንት ቀን እንደሚደርስ ጠየቁኝ። በአራት ቀን አልኩ። ወደ በሩ ዞር ብለው በግንቦት ሰግተው፣ በሐምሌ ለምነው፣ በኅዳር የሚያጭዱትን ማሽላ ያዩ ይመስል ዝም አሉ። ጨዋታው ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ነገ ዝናብ ነው አለ፤ በማግስቱ ዘነበ። «ያለው ቀን ዘነበ?» አሉ ሲኒያቸውን አስቀምጠው። ቁራ እንዳይበላው አንድ ማስፈራሪያ እንጨት አቆምኩ። «በአንዲት እንጨት ወፍ ተገላገለ በለኛ! ግሪሳ ይህን ቢያይ በላዩ ላይ ነው የሚያርፈው።» እሳቸው ልጅነታቸውን ያሳለፉት ማማ ላይ ነው፤ ወንጭፍ ይዘው፣ ከወንድማቸው ጋር ተራ ገብተው፣ አንዱ በምሥራቅ አንዱ በምዕራብ እየጮኹ። እኔም ትንሽ ደርሼበታለሁ። ማታ ላይ ምርቱን ሣጥን ውስጥ ከተትኩ፤ ሲነጋ ብሩ ገባ።

«ማን ገዛው?»

«አይታወቅም። ማታ ትከታለህ፣ ጠዋት ብሩ አለ።»

«ደላላስ?»

«ደላላ የለም።»

«እንግዲያው ጨዋታ ነው» አሉና ተነሡ።

ስታርዲው ቫሊ ጠላት የለውም ማለት አይደለም። የሠራኸውን የሚያስቀምጠው ሁለታችሁም ተኝታችሁ ቀኑ ሲያልቅ ብቻ ነው። ከመተኛታችሁ በፊት ባለርስቱ ዘንድ መብራት ከሄደ ቀኑ አልነበረም፤ ያጠጣኸው ደርቋል፣ የቆረጥከው ዛፍ ቆሟል። እኔ ዘንድ ከሄደ ደግሞ አብሽር ብቻውን ያመሻል። ስለዚህ ሌሊቱን ሙሉ አንዳችን ሌላውን «ተኛ! ተኛ በናትህ!» እያልን እንጮሃለን። እናቴ ይህን ጨዋታ የወደደችው ለዚህ ነው፤ ሰው እንዲተኛ የሚለምን ጨዋታ አይታ አታውቅም።

ሥራ ለበዛባቸው ሁለት ሰዎች እንግዲህ የኔ ፍርድ ይህ ነው። ስትቀር የሚቀጣህን አትጀምር። በሩብ ሰዓት ውስጥ የማትወጣበት ውስጥ አትግባ። ድምፁን በጨዋታው መስመር ሳይሆን በተራ ስልክ አድርገው፤ ኔትወርኩ ሲሞት ጨዋታው ብቻ ይሙት እንጂ ወሬው አይቋረጥ። ጨዋታውን ለመምረጥ ደግሞ ከመጫወቻው የበለጠ ጊዜ አትፍጅ፤ እኛ ፈጅተናል፣ ይብቃ።

አንድ ልመና አለኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቅኔ ጌምስ የሚባሉ ልጆች ኩኩሉ የምትባል ሯጭ ዶሮ ያለችበትን ጨዋታና ገበጣን ለስልክ ሠርተዋል፤ ስለዚህ ይህ ነገር በእኛ እጅ ይሠራል። ወልዲያና ኮምቦልቻ ላይ ዩኒቨርሲቲ ገብታችሁ ኮድ የምትጽፉ ልጆች፣ የማማ ጨዋታ ሥሩልን። ሁለት ሰው ማሽላ መሀል ማማ ላይ ይቁም፤ አንዱ ምሥራቁን፣ አንዱ ምዕራቡን ይይዛል፤ ግሪሳ ከዞብል ተራሮች በኩል እንደ ጥላ ይምጣ፤ እጃቸው ላይ ወንጭፍና ጅራፍ ይሁን። አንዱ ሲተኛ ሌላው እንዲጮህበት አድርጉ። አንዱ ዙር ከ10 ደቂቃ አይብለጥ፣ ክብደቱ ከ200 ሜጋ ባይት አይለፍ፣ መብራት በሄደበት ቅጽበት የደረስንበትን ያስቀምጥ። ማሽላው ግን በአራት ቀን እንዳይደርስ አደራ፤ አጎቴ ያዩታል።